ቡከር ቲ. ዋሽንግተን፦ ከባርነት ጎጆ እስከ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግንባታ

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ መምህራን አንዱ ናቸው። የተስኪጊን የትምህርት ተቋም ከምንም አንሥተው ለ34 ዓመታት መርተዋል። በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ያስጀመሩት የገጠር ትምህርት ቤቶች ግንባታ ደግሞ ከሞታቸው በኋላ በ15 ግዛቶች ተስፋፍቷል። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነበር፤ ድሃም ቢሆን ሕዝቡ የአቅሙን ይዞ ሲነሣ፣ መንግሥትም ድርሻውን እንዲከፍል ሲጠየቅ ትምህርት ቤት ይሠራል የሚል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ቡከር በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፍራንክሊን ካውንቲ፣ በአንድ የትምባሆ እርሻ ላይ በባርነት ተወለዱ። እናታቸው ጄን የእርሻው ወጥ ሠሪ ነበሩ፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ መስተዋት የሌለው በሆነ ጎጆ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በባርነት የተያዘን ሰው ማንበብ ማስተማር በግዛቲቱ ሕግ የተከለከለ ነበር። ሕፃኑ ቡከር የጌቶቹን ልጅ መጻሕፍት ተሸክሞ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይሄዳል፤ ከደጃፉ ግን አያልፍም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ቤተሰቡ ነፃ ወጥቶ በምዕራብ ቨርጂኒያ ወደምትገኘው ማልደን ተዛወረ። ቡከር በዚያ በጨው ማምረቻ፣ ቀጥሎም በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠሩ። በማልደን ለጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነዋሪዎቹ ተመካክረው ማንበብ የሚችል መምህር ቀጠሩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ ያዋጣል፤ መምህሩም በየተራ በየቤቱ ያድራል፣ ይመገባል። አረጋውያን ሳይቀሩ ከመሞታቸው በፊት መጽሐፍ ቅዱስን ለማንበብ ጓጉተው ከልጆች ጋር ፊደል ቆጠሩ። ቡከር ትምህርት ቤት በሕዝብ መዋጮ ሊቆም እንደሚችል በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው።

ወደ ሃምፕተን የተደረገ ጉዞ

በ1872 ቡከር በቨርጂኒያ ሃምፕተን ከተማ ስለሚገኝ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሰምተው 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ጉዞ ጀመሩ። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ካላቸው ላይ ሳንቲም፣ አንዳንዶቹም መሐረብ ሰጥተው ሸኟቸው። መንገዱን ከፊሉን በእግራቸው ተጓዙ። ሪችመንድ ሲደርሱ ገንዘባቸው አልቆ ስለነበር ከእንጨት በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር አደሩ፤ ቀን ቀን መርከብ እያራገፉም ስንቅ አጠራቀሙ። ሃምፕተን ሲደርሱ የመግቢያ ፈተና የሆናቸው አንድ ክፍል ጠርጎ ማጽዳት ነበር። ወጪያቸውንም በጽዳት ሥራ እየሸፈኑ በ1875 ተመረቁ፤ ወደ ማልደንም ተመልሰው የአገራቸውን ልጆች አስተማሩ።

የተስኪጊ ምሥረታ

በአላባማ ግዛት፣ በተስኪጊ ከተማ፣ ሉዊስ አዳምስ የሚባሉ ከባርነት ነፃ የወጡ የእጅ ባለሙያ ይኖሩ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪ፣ ጫማ ሰፊና የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩ። በ1880 ለግዛቲቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚወዳደር ነጭ ዕጩ የጥቁር መራጮችን ድምፅ ፈልጎ ወደ እርሳቸው ሲመጣ፣ አዳምስ ለራሳቸው ምንም ሳይጠይቁ ለወገኖቻቸው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ጠየቁ። ዕጩው ተመረጠ፤ በ1881ም በዓመት 2,000 ዶላር የሚመድብ ሕግ ወጣ። ገንዘቡ ግን ለመምህራን ደመወዝ ብቻ የሚውል ነበር፤ ለመሬትም ሆነ ለሕንፃ የተመደበ አልነበረም።

በሃምፕተን ኃላፊ ምክር የተመረጡት የ25 ዓመቱ ቡከር ተስኪጊ ሲደርሱ ያገኙት ሕግ እንጂ ቤት አልነበረም። ሐምሌ 4 ቀን 1881 ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች አሮጌ ጎጆ 30 ተማሪዎችን ይዘው ሥራ ጀመሩ። ጣራው ስለሚያፈስ ዝናብ በሚጥልበት ቀን አንድ ተማሪ ጃንጥላ ይይዝላቸው ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ከከተማዋ ወጣ ያለ የተተወ እርሻ በ500 ዶላር ተገዛ፤ የመጀመሪያውን 250 ዶላር የሃምፕተን ገንዘብ ያዥ ከግል ገንዘባቸው አበደሯቸው። ዕዳውን ለመክፈል በኋላ ባለቤታቸው የሆኑት መምህርት ኦሊቪያ ዴቪድሰን በየቤቱ እየዞሩ ምግብና ዕቃ ለምነው ሽያጭ አዘጋጁ። አንዲት ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ልብሳቸው የነተበ ድሃ አሮጊት ለትምህርት ቤቱ ስድስት እንቁላል ይዘው መጡ። ቡከር ከዚያ በኋላ ብዙ ትልልቅ ስጦታዎችን ተቀብለዋል፤ የዚያችን ቀን ስጦታ ያህል ልባቸውን የነካ ግን አልነበረም።

ሕንፃዎቹን የሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጡብ ለማቃጠል የተደረገው ሙከራ ሦስት ጊዜ ከሸፈ። ለአራተኛው ሙከራ ገንዘብ ሲያጡ ቡከር ሰዓታቸውን በ15 ዶላር አስያዙ። ሰዓቱ በዚያው ቀረ፤ ጡቡ ግን ተሳካ። ከዚያ በኋላ ጥቁሮችን በንቀት ይመለከቱ የነበሩ የአካባቢው ነጮች ሳይቀሩ ጡብ ለመግዛት ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጡ ጀመር።

ክብርና ትችት

ቡከር በ1895 በአትላንታ ባደረጉት ንግግር በአገሪቱ ሁሉ ታወቁ። ጥቁሮች ለጊዜው የፖለቲካ እኩልነትን ከመጠየቅ ይልቅ በሙያና በኢኮኖሚ እንዲጠነክሩ መምከራቸው ግን ብርቱ ተቃውሞ አስነሣባቸው። ደብሊው ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ በ1903 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የምርጫ መብት የሌለው ሕዝብ ያፈራውን ሊጠብቅ አይችልም ሲሉ ሞገቱ። ይህ ትችት ቀላል አልነበረም፤ በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ድምፅ ከመስጠት ሲታገዱ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚመደበው ገንዘብም አብሮ አሽቆልቁሏል።

የገጠር ትምህርት ቤቶች ግንባታ

የሲርስ ኩባንያ መሪ የነበሩት ባለጸጋ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በ1912 የተስኪጊ የቦርድ አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት ሃምሳኛ የልደት በዓላቸውን ምክንያት በማድረግ 25,000 ዶላር ለገሡ። ቡከር ከዚህ ላይ በተረፈው ገንዘብ በአላባማ ገጠር ስድስት ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ፤ የመጀመሪያውም በ1913 በሊ ካውንቲ ተጠናቀቀ። ውጤቱ ስላረካቸው ሮዘንዋልድ ተጨማሪ ገንዘብ መደቡ።

የአሠራሩ ጥንካሬ በደንቡ ላይ ነበር። ከለጋሹ ገንዘብ የሚሰጠው ነዋሪዎቹ በጥሬ ገንዘብ፣ በመሬት፣ በእንጨት ወይም በጉልበት ድርሻቸውን ሲያዋጡ ነው። የአካባቢው የትምህርት ባለ ሥልጣንም ገንዘብ መመደብ ነበረበት፤ የተሠራውንም ቤት እንደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ተረክቦ እንዲያስተዳድር ይገደዳል። በዚህ ደንብ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ችላ ያለ ባለ ሥልጣን ወደ ግዴታው ይሳባል። ይሁን እንጂ ፍርዱ ሚዛናዊ አልነበረም፤ ግብር የከፈሉት ጥቁር ገበሬዎች ለነጮች በነፃ የሚሠራውን ትምህርት ቤት ለማግኘት ሁለተኛ ጊዜ ይከፍሉ ነበር። ያም ሆኖ ከፈሉ። በአንዳንድ መንደሮች ከእርሻቸው ላይ ቆርሰው ለትምህርት ቤቱ የሚሸጥ ጥጥ ዘሩ። በአላባማ ግሪን ካውንቲ በተደረገ አንድ ስብሰባ፣ የባርነትን ዘመን ያዩ አንድ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ከአሮጌ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት፤ ሲቆጠር 38 ዶላር ሆነ።

ዕረፍትና ቅርስ

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ኅዳር 14 ቀን 1915 በተስኪጊ አረፉ፤ ተማሪዎቻቸው በሠሩት ቅጥር ግቢም ተቀበሩ። ግንባታው ግን አልቆመም። በ1932 ሲጠናቀቅ 4,977 ትምህርት ቤቶች ተሠርተው ነበር። የመምህራን መኖሪያዎችና የሙያ ማሠልጠኛ ክፍሎች ሲጨመሩ ሕንፃዎቹ 5,357 ደርሰዋል። ከጠቅላላው 28.4 ሚሊዮን ዶላር ወጪ 18.1 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ግብር፣ 4.7 ሚሊዮኑ ከጥቁር ነዋሪዎች፣ 4.4 ሚሊዮኑ ከሮዘንዋልድ፣ 1.2 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ከነጮች መዋጮ የተገኘ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በባለጸጋው ስም ቢጠሩም ድሆቹ ገበሬዎች ያዋጡት ከእርሳቸው ስጦታ ይበልጣል፤ ከሁሉ የላቀውን ድርሻ የከፈለውም በሕዝቡ ጥረት ወደ ግዴታው የተመለሰው መንግሥት ነው።

በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተከፋፈለ ትምህርት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዛሬም በየገጠሩ ተርፈው የሚገኙትን የሚጠግኗቸው፣ አያቶቻቸው እንጨትና ጉልበት ያዋጡባቸው ቤተሰቦች ናቸው።