ቶማስ ሆጅኪን

ቶማስ ሆጅኪን (ከኦገስት 17 ቀን 1798 እስከ ኤፕሪል 4 ቀን 1866 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሐኪምና የፓቶሎጂ መምህር ነበር። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው የካንሰር ዓይነት የተሰየመው በእርሱ ስም ነው።

ሕይወትና ትምህርት

ሆጅኪን በለንደን ፔንተንቪል ከኩዌከር ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። በ1823 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ተማሪ ሳለ ወደ ፓሪስ ሄዶ ከስቴቶስኮፕ ፈልሳፊው ከሬኔ ላኔክ ዘንድ የመሣሪያውን አጠቃቀም ተምሯል። ከዚያም በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል አስከሬን እየመረመረ ያስተምርና የሆስፒታሉን ሙዚየም ይመራ ነበር።

ግኝቱ

በ1832 የሊምፍ ዕጢዎቻቸውና ጣፊያቸው ያበጡ የ7 በሽተኞችን ሁኔታ የሚገልጽ ጥናት አቀረበ። የሊምፍ ዕጢ ሲያብጥ በተለምዶ ንፍፊት ይባላል፤ ብዙ ጊዜም በሌላ የሰውነት ክፍል ያለ ቁስል ወይም ሕመም የሚያስከትለው ነው። ሆጅኪን ግን ያየው እብጠት ከሌላ ቦታ የተዛመተ ሳይሆን ከራሱ ከዕጢው የሚነሳ በሽታ መሆኑን አስረዳ። ጥናቱ ለብዙ ዓመታት ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በኋላ በዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ዊልክስ ተመሳሳይ በሽተኞችን ሲያጠና የሆጅኪንን ጽሑፍ አገኘ፤ በ1865ም በሽታውን በቀዳሚው ሰው ስም ጠራው።

ሆጅኪን በሽታውን የለየው በዓይኑ ብቻ አይቶ ነበር። በ1926 በሙዚየሙ ተጠብቀው የቆዩ የ3 በሽተኞቹ ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ ሁለቱ በእርግጥ ይህ በሽታ እንደነበረባቸው ታወቀ።

ከሆስፒታሉ መውጣቱ

በ1837 በሆስፒታሉ ለረዳት ሐኪምነት ቢወዳደርም አልተመረጠም። የሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ ቤንጃሚን ሃሪሰን በሀድሰን ቤይ ኩባንያ አመራር ውስጥም ነበር፤ ሆጅኪን ደግሞ ኩባንያው በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ የሚያደርሰውን በደል ይቃወም ነበር። ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም የነባር ሕዝቦችን መብት የሚከላከል ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ሞቱ

ከወዳጁ ከሰር ሞሰስ ሞንቴፊዮሬ ጋር ወደ ፍልስጤም ሲጓዝ በተቅማጥ በሽታ ታሞ በያፋ (በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ) አረፈ። የተቀበረውም በዚያው ነው፤ ሐውልቱን ሞንቴፊዮሬ አሠራለት።

በዛሬው ሕክምና

ሆጅኪን ሊምፎማ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የደም ካንሰር በሌለባቸው ሰዎች ላይ ይነሳል። ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል፤ ይህም የሪክተር ለውጥ ከሚባለው ክስተት ብርቅ ዓይነቶች አንዱ ነው። ሕክምናቸው ስለሚለያይ፣ በሉኪሚያ ታማሚ ላይ ዕጢ በድንገት ካበጠ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።