ቤላ ጉትማን፦ አሰልጣኝ ሲሄድ የሚቀረው

ቤላ ጉትማን በ1899 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የተጫወተበትን ኤምቲኬ የሚባል ክለብ ቀደም ሲል እንግሊዛዊው ጂሚ ሆጋን አሰልጥኖት ነበር። ኳስን በአጭር ቅብብል፣ መሬት ለመሬት መጫወት የለመደው እዚያ ነው። በ1925 ከቪየናው የአይሁድ ክለብ ከሃኮአህ ጋር የኦስትሪያ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አባቱና እህቱ በሾአ ተገደሉ፤ እሱ ከግዳጅ ሥራ ካምፕ አምልጦ ተረፈ። ኳሱን ግን አልተወም።

በ1957 ብራዚል ሄዶ ሳኦ ፓውሎ የሚባለውን ክለብ ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ አበቃ። የ4-2-4 አሰላለፍና ፈጣን ቅብብል አገሩ ውስጥ እንዲስፋፋም ረዳ። በዓመቱ ብራዚል በዚሁ አሰላለፍ የዓለም ዋንጫን ወሰደች፤ አሰልጣኟ ቪሴንቴ ፊዮላ በሳኦ ፓውሎ ከጉትማን ጋር የሠራ ሰው ነው።

የፖርቱጋሉን ቤንፊካ ደግሞ በ1961 እና በ1962 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገው። በሁለተኛው ፍጻሜ ሪያል ማድሪድን 5 ለ 3 አሸነፉ። ጉትማን አንድ ቦታ ብዙ አይቆይምና ወዲያው ለቀቀ። ቡድኑ ግን ያለ እሱም በ1963፣ በ1965 እና በ1968 ለፍጻሜ ደረሰ። እሱ በ1981 ቪየና ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ልጆች፣ አሰልጣኝ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጉትማን ከሆጋን ክለብ የተማረውን ለሌሎች አሻገረ፤ እናንተም ዛሬ ሜዳ ላይ የምትማሩትን ነገ ለታናናሾቻችሁ ታስተምራላችሁ።