ዶብዣንስኪና ዥጉርጉሯ ጢንዚዛ

ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ስመ ጥር የሆኑት በፍሬ ዝንብ ላይ ባካሄዱት ምርምር ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሳይንስ የመራቻቸው ዝንቧ ሳትሆን፣ ጀርባዋ እንደ አተር ክክ የጎበጠ፣ ክንፏ በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ትንሽ ጢንዚዛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1900 በዩክሬን ተወልደው በ1918 የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ገና 18 ነበር፤ ጽሑፉም በኪየቭ አካባቢ ስለተገኘች አዲስ የጢንዚዛ ዝርያ የሚናገር ነው። በዚያን ጊዜ ኪየቭ በእርስ በርስ ጦርነት ከአንዱ ሠራዊት እጅ ወደ ሌላው ትተላለፍ ነበር።

በ1924 ወደ ሌኒንግራድ ተዛውረው በዩሪ ፊሊፕቼንኮ ሥር ሲሠሩ፣ ሃርሞኒያ አክሲሪዲስ የተባለችውን የእስያ ጢንዚዛ መረመሩ። የዚህች ጢንዚዛ መልክ ተመልካችን ያደናግራል። አንዷ ብጫ ሆና ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ሲኖራት፣ ሌላዋ ጥቁር ሆና ሁለት ወይም አራት ቀይ ነጥብ ብቻ አላት፤ ጨርሶ ነጠብጣብ የሌላትም ትገኛለች። የቀደሙት ሊቃውንት ለየመልኩ ስም ሲያወጡ ኖረዋል። ዶብዣንስኪ ግን ስም ከመጨመር ይልቅ መቁጠርን መረጡ። በአልታይ ተራሮች አካባቢ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ወደ ፓሲፊክ ጠረፍ በተቀረበ መጠን ብጫዎቹ እየበዙ ይሄዳሉ። እንግዲህ የአንድን አገር ጢንዚዛ የሚገልጸው አንዲት የተመረጠች ናሙና ሳትሆን የየመልኩ ድርሻ ነው ማለት ነው። አንድ ጡብ ብቻ ፈትሾ ስለ ጭነቱ ሁሉ የሚፈርድ መሐንዲስ እንደማይኖር ሁሉ፣ ይህም ዛሬ ግልጽ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም።

በ1927 ከባለቤታቸው ከናታልያ ጋር በሮክፌለር የገንዘብ ድጋፍ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ቶማስ ሀንት ሞርጋን ቤተ ሙከራ ተጓዙ። ለአጭር ጊዜ የታሰበው ጉዞ የዕድሜ ልክ ሆነ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። በሶቪየት ኅብረት የቀሩት የሙያ ባልደረቦቻቸው ዕጣ ከባድ ነበር፤ ታላቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1943 በእስር ቤት ሞቱ፤ በ1948ም የዘር ውርስ ጥናት በይፋ ተወገዘ።

ዶብዣንስኪ ስለ ጢንዚዛዎች መልክ መለያየት በ1933 በአሜሪካ ጽፈዋል። በ1937 ያሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍም፣ መለያየት የተፈጥሮ ምርጫ ጥሬ ዕቃ እንጂ ጉድለት አለመሆኑን ያስረዳል። ተማሪያቸው የነበሩት ቻይናዊው ታን ጂያዠን ደግሞ በ1946 የነጠብጣቡን አወራረስ ገለጹ፤ የሁለት መልኮች ልጅ፣ ከወላጆቿ አንዳቸው ጥቁር በሆኑበት የክንፍ ቦታ ሁሉ ጥቁር ትሆናለች።

ዶብዣንስኪ በ1975 በካሊፎርኒያ አረፉ። በ2018 የጃፓንና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ባደረጉት ጥናት ይህን ሁሉ መልክ በዋናነት የሚወስነው ፓኒየር የተባለ አንድ ጂን መሆኑን አረጋገጡ። ጂኑ አስቀድሞ የታወቀው በፍሬ ዝንብ ነው።