እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ

ከደብራችን ደጅ ቆመን ቀና ስንል የሚታየን የእንጦጦ ተራራ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ክብርም ኀዘንም ያየ ነው። ዐፄ ምኒልክ በነገሡ በሁለተኛው ቀን፥ ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት፥ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ግእዝ ያወቁ፥ በገና የሚደረድሩ ሴት ነበሩ፤ ይህ ለእኛ ለቅኔ ሰዎች እጅግ ደስ ያሰኘናል። የዓድዋውን ሁሉ ያውቀዋልና አልደግመውም።

ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፤ የባላቸውን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን ግን ለወንድማቸው ልጅ ለራስ ጉግሣ ወሌ ድረው ዘመድ በዘመድ ላይ ጨመሩ። ንጉሡ በደዌ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ እቴጌይቱ መንግሥቱንም ሕመምተኛውንም ደርበው ያዙ። መኳንንቱ ተቈጥተው በመጋቢት 1902 ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ለዘመዶቻቸው ያደሉ ነበርና ቍጣው ያለ ምክንያት ነው አልልም። ከዚያ ወዲያ የቀረላቸው ማስታመም ብቻ ሆነ፤ እርሱንም እስከ መጨረሻው ፈጸሙት።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ንጉሡ ሲያርፉ፥ ዘውድ ወደ ጫኑበት ተራራ መበለት ሆነው ተመለሱ። በዚያም በጸሎት ኖሩ። በ1910 ዕድሜያቸውን በጎንደር ይፈጽሙ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱን ቢለምኑ አልተፈቀደላቸውም፤ የካቲት 4 ቀን በዚያው ዓመት ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ነው።