ፓውል ኤርሊክና የመድኃኒት ዒላማ

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ በምን ላይ አርፎ እንደሚሠራ ለማወቅ ዕድሜውን የሰጠው ፓውል ኤርሊክ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በተባለች ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በፕሩሲያ ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች።

ኤርሊክን ገና በተማሪነቱ የማረከው የቀለም ነገር ነበር። አንድ ቀለም አንዱን ሕዋስ ሲያቀልም ሌላውን ሳይነካ ማለፉን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ቀለም መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ ሕመምተኛውን ሳይጎዳ ተሐዋስያንን ብቻ መርጦ የሚይዝ መድኃኒትም ሊገኝ ይገባል ወደሚለው ሐሳብ ያደረሰው ይኸው ነው።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤሚል ፎን ቤሪንግ ለዘጊ አናዳ በሽታ የሚሆን ሴረም ከእንስሳት ደም አስገኝቶ ነበር። ሆኖም የሴረሙ ኃይል አንድ ወጥ ስላልነበረ፣ ጉሮሮው ለታነቀ ሕፃን የሚሰጠው መጠን በቂ መሆኑን ሐኪሙ ማረጋገጥ አይችልም ነበር። ፈዋሹ ነገር ዛሬ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ፕሮቲን ነው፤ ከሌሎች የደም ፕሮቲኖች ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ በሚዛን አይለካም። ስለዚህ ኤርሊክ ክብደቱን ትቶ ሥራውን ለካ። ይኸውም ሴረሙ ምን ያህል መርዝ እንደሚያከሽፍ በጊኒ ፒግ እየፈተነ፣ ደርቆ አየር በሌለው ብልቃጥ ከተቀመጠ መለኪያ ሴረም ጋር ማነጻጸር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ይህን ዘዴ ሲያሳትም፣ መርዙ በሕዋስ ላይ እንደ ቁልፍ የሚገጥምበት ሥፍራ መኖሩንም አስረዳ። ሥፍራውን ኋላ ተቀባይ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1908 ከኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በፍራንክፈርት በሚመራው ተቋም አልፍሬድ በርትሃይም ከቀመማቸው የአርሴኒክ ውሁዶች መካከል፣ 606 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ሳሃቺሮ ሃታ እ.ኤ.አ. በ1909 ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ ፈትኖ ፈዋሽነቱን አረጋገጠ። በማግሥቱ ዓመት ሳልቫርሳን ተብሎ ለገበያ ዋለ። ይሁን እንጂ አየር ሲነካው ይበላሽ፣ በአወጋጉም ያስቸግር ነበርና ጉዳትና ሞት አስከተለ፤ ኤርሊክም ብርቱ ክስና ወቀሳ ደረሰበት። ሥራውን ግን አላቋረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በቀላሉ የሚሟማ ሌላ ውሁድ አቀረበ። ኦገስት 20 ቀን 1915 ዐረፈ።

ዛሬ አዲስ መድኃኒት የሚሻ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ዒላማ የሚሆነውን ፕሮቲን ከመለየት ነው፤ ኢንሱሊንም እስካሁን በዩኒት ይታዘዛል። የ606 ታሪክ እንደሚያስተምረን ግን ዒላማን ማግኘት የሥራው እኩሌታ ነው፤ መጠኑን፣ አቀማመጡንና አሰጣጡን ማስተካከል ሌላው እኩሌታ ነው።