ኦጋስታ ሳቬጅ፤ ለሌሎች አዳራሽ የከፈተች ቀራፂ

አንድ ቀራፂ ካለፈ በኋላ በአብዛኛው የሚመዘነው ትቶት በሄደው ድንጋይና ነሐስ ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ብትታይ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኦጋስታ ሳቬጅ ከብዙ የዘመኗ የሙያ ጓደኞች ታንስ ይሆናል፤ ከሥራዎቿ አብዛኞቹ ጠፍተዋልና። ዳሩ ግን በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በተባለው ሠፈር በከፈተቻቸው የማስተማሪያ ክፍሎችና የማሳያ አዳራሾች ያለፉ ወጣቶች ሥራ ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የሠፈር ሰዓሊና ተማሪ ሥራውን ለሕዝብ የሚያሳይበት አንድ ክፍል ለማግኘት ምን ያህል እንደሚደከም፣ ክፍሉ ከተገኘም በኋላ ምን ያህል እንደሚያፈራ ለማወቅ የሚሻ ሰው የዚህችን ሴት ሕይወት ቢመረምር ብዙ ያገኝበታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦጋስታ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1892 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት፣ ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ለወላጆቿ ከ14 ልጆች መካከል 7ኛዋ ነበረች። የአካባቢው አፈር ለጡብ ሥራ የሚሆን ሸክላ ስለነበረ ሕፃኗ ገና ከጧቱ በእጇ ጭቃ እየለወሰች ዳክዬና ሌሎች እንስሳትን ታበጅ ነበር። አባቷ ኤድዋርድ ፌልስ የሜቶዲስት ሰባኪ ሲሆኑ፣ የልጃቸውን ጨዋታ በኦሪቱ ሕግ የተከለከለ የተቀረጸ ምስል አድርገው ቈጠሩት። በዚህም ምክንያት ደጋግመው ይገርፏት ነበር። እርሷም እየተገረፈች ማበጀቷን አልተወችም።

ገና በልጅነቷ አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በ1915 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ዌስት ፓልም ቢች ሲዛወር ከሸክላ አፈር ጋር ተለያየች፤ በዚያ ያለው አሸዋ ብቻ ነበርና። ከጊዜ በኋላ አንድ ሸክላ ሠሪ ጥቂት ጭቃ ሰጥቷት የድንግል ማርያምን ምስል ብታበጅ፣ ያን ያህል ሲቃወሟት የኖሩት አባቷ ልባቸው ራራ። የትምህርት ቤቷም ርእሰ መምህር ሙያዋን አይተው በቀን አንድ ዶላር እየተከፈላት ተማሪዎችን የሸክላ ቅርፅ እንድታስተምር አደረጉ። እንግዲህ ኦጋስታ ሥርዐት ባለው ትምህርት ቤት ሳትማር በፊት አስተማሪ ሆናለች ማለት ነው። ሥራዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ለሕዝብ የታየው ከሥነ ጥበብ አዳራሽ ውጪ፣ በ1919 ዓ.ም. በአውራጃው ዓመታዊ የምርት ትርዒት ላይ ነበር። ተመልካቹ ስለወደደላት የ25 ዶላር ሽልማት አገኘች፤ የትርዒቱም ኃላፊ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ እንድትማር አበረታታት። ሙያውን የሚያውቅ ሐያሲ ቀርቶ ተራ ገበያተኛ ቆሞ ያየው ሥራ እንዴት መንገድ እንደሚከፍት በራሷ ላይ አየችው።

በ1921 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ስትደርስ በእጇ የነበራት 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነበር። ኩፐር ዩኒየን በተባለው ያለ ክፍያ በሚያስተምር ተቋም ብዙ ሰው ተራ ሲጠብቅ እርሷ ቀድማ ተቀባይነት አገኘች፤ የአራቱንም ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት ጨረሰች። ሳቬጅ የሚለውን ስም ያገኘችው ከሁለተኛ ባሏ ሲሆን፣ ከተፋቱም በኋላ ይዛው ቀርታለች።

በሕይወቷ ትልቁ ጠባሳ የደረሰባት በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካውያን ወጣት ሴቶች ፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት የክረምት ትምህርት እንዲከታተሉ ዕድል ተሰጥቶ ነበር። ኦጋስታም አመለከተች። መራጮቹ አሜሪካውያን ግን ጥቁር መሆኗን ሲያውቁ፣ ነጮቹ ተማሪዎች አብረዋት መጓዝና መኖር ይከብዳቸዋል በሚል ምክንያት ከለከሏት። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀር ይሆናል። እርሷ ጉዳዩን በጋዜጣ አወጣችው፤ ክርክሩም አገር አወቀው። ከመራጮቹ መካከል በውሳኔው የተጸጸተው ቀራፂው ኸርመን ማክኒል ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእርሱ ዘንድ መጥታ እንድትማር ጋበዛት። ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ሴት የሚል ስም ስለወጣላት የተዘጋባት በር ጥቂት አይደለም። በ1925 ዓ.ም. ሮም ለመማር የሚያስችል ዕድል ብታገኝም የመጓጓዣና የመኖሪያ ገንዘብ በማጣቷ ሳትሄድ ቀረች። በልብስ ማጠቢያ ቤት እየሠራች ዘመዶቿን ታስተዳድር ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ገደማ ቆቡን አጣሞ የደፋ የሐርለም ልጅን ምስል ሠራች። ጋሚን የተባለው ይህ ሥራ፣ የመንገድ ልጅ ብልጥነትና ከዕድሜው የቀደመ ድካም በአንድ ፊት ላይ የተነበበበት ነውና እስከ ዛሬ የሚታወቅላት እርሱ ነው። በዚሁ ሥራዋ ምክንያት የሮዘንዋልድ ድርጅት ስኮላርሺፕ ሰጣትና ከስድስት ዓመት በፊት የተከለከለችውን ፈረንሳይን አየች፤ በፓሪስ በግራንድ ሾሚየር አካዳሚ ተማረች።

ወደ ሐርለም ስትመለስ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ሐውልት የሚያሠራ ሰው ከቶ አይገኝም ነበር። በ1932 ዓ.ም. በ143ኛው ጎዳና የራሷን የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ስቱዲዮ ከፈተች። ሕፃናት፣ ሥራ የፈቱ ወጣቶችና ጎልማሶች ይመጡ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በብሔራዊው የሴት ሰዓሊዎችና ቀራፂዎች ማኅበር በአባልነት የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። የሐርለም የጥበብ ሰዎችን ማኅበር ካቋቋሙትና ከመሩትም አንዷ ናት። ማኅበሩ መንግሥት ለሥራ ፈት ሰዓሊዎች ካቋቋመው የሥራ መርሐ ግብር ጥቁሮች ድርሻቸውን እንዲያገኙ ይከራከር ነበር።

ተማሪዎቿን እንዴት ትከታተል እንደነበረ ለማወቅ የጄኮብ ላውረንስ ነገር ይበቃል። ላውረንስ ትምህርቱን አቋርጦ የሚበላውን የሚፈልግ ወጣት ነበር። በ1937 ዓ.ም. ኦጋስታ ይዛው ወደ መርሐ ግብሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ዕድሜው 21 ስላልሞላ ሊመዘገብ አይችልም ተባለ። ወጣቱ ነገሩን ረሳው። እርሷ ግን ቀኑን ቈጥራ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት 21 ሲሞላው ተመልሳ መጥታ በድጋሚ ይዛው ሄደች፤ በዚህ ጊዜ ተመዘገበ። በሳምንት 23 ዶላር ያህል እየተከፈለው ሥዕል ብቻ መሣል ጀመረ። በ1941 ዓ.ም. ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለተሰደዱት ጥቁሮች 60 ሥዕሎችን ፈጸመ፤ እነዚህም ዛሬ እኩል ተከፍለው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርና በዋሽንግተን ፊሊፕስ ስብስብ ይገኛሉ። ሚስቱ ሰዓሊዋ ግዌንዶሊን ናይትም የኦጋስታ ተማሪ ነበረች።

በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌኖክስ ጎዳና በ125ኛው ጎዳና አጠገብ የሐርለም ኮሙኒቲ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሲከፈት የመጀመሪያዋ ዲሬክተር እርሷ ሆነች። (በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁመው ስለነበረ፣ ያ የሐርለም ዘመን ለእኛም አገር ታሪክ ባዕድ አይደለም።) በምረቃው ላይ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤልኖር ሩዝቬልት ተገኝተዋል። ማዕከሉ ያለ ክፍያ ሥዕል፣ ቅርፅ፣ ሸክላ ሥራ፣ ሽመናና የኅትመት ሥዕል ያስተምር ነበር፤ ከ1,500 የሚበልጡ ሕፃናትና አዋቂዎችም ተምረውበታል። ሥራቸውም በዚያው ይታይ ነበር። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የሣለው ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲሰቀል እናቱና ጎረቤቱ መጥተው ያዩታል፤ ከዚያ ቀደም ወደ ሥዕል ማሳያ ገብቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ሰበብ ይገባል። ለብዙዎቹ የሐርለም ነዋሪዎች የመሀል ከተማው ጋለሪ ከነመኖሩም የማይታሰብ ነበር። ሮበርት ብላክበርን ሊቶግራፊን የተማረው በወጣትነቱ በዚሁ ማዕከል ነው፤ ኋላም በ1948 ዓ.ም. ለሠዓሊዎች ሁሉ ክፍት የሆነውን የታወቀ የኅትመት ወርክሾፕ በኒው ዮርክ አቋቋመ።

አንድ ሰው ሌሎችን ሲያስተምርና ለሌሎች ክፍል ሲለምን የራሱ እጅ ይቦዝናል። ኦጋስታም በእነዚህ ዓመታት የሠራችው ጥቂት ነው። ስለሆነም ለ1939ኙ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሐውልት እንድትሠራ ስትመረጥ ከማዕከሉ ፈቃድ ወስዳ በሙሉ ኃይሏ ተሰማራች። ሥራው ከጄምስ ዌልደን ጆንሰንና ከወንድሙ መዝሙር የተነሣ ነበር። የሚዘምሩ ልጆች በተርታ ቆመው የበገና አውታር ይሆናሉ፤ ሥራቸውንም የእግዚአብሔር ክንድና እጅ ይደግፋቸዋል። ቁመቱ 16 ጫማ ሲሆን ከኤግዚቢሽኑ በጣም ከታዩት ሥራዎች አንዱ ሆነ፤ በትናንሽ ቅጂም ለመታሰቢያ ተሸጧል።

የሙያው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ጀሶ የመሸጋገሪያ ዕቃ ነው። ሸክላው በጀሶ ይወጣል፤ ጀሶውም ገንዘብ ሲገኝ ወደ ነሐስ ይለወጣል። ለኦጋስታ ገንዘቡ አልተገኘም። ቀድሞም ቢሆን የጀሶ ሥራዎቿን ነሐስ እንዲመስሉ የጫማ ቀለም ትቀባቸው ነበር። ኤግዚቢሽኑ በ1940 ዓ.ም. ሲያበቃ ያ ታላቅ በገና እንደ ሌሎቹ ጊዜያዊ ሕንፃዎች በመኪና ተደርምሶ ጠፋ። ከሐዘኑ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ለማጓጓዝና ለማስቀመጥ እንኳ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም።

ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ማዕከሉ ስትመለስ ደግሞ ሥፍራዋ ለሌላ ተሰጥቶ አገኘችው። ማዕከሉም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጦርነቱ ጊዜ የመንግሥቱ መርሐ ግብር ሲቋረጥ ተዘጋ። ኦጋስታ ግን አስቀድማ፣ በጁን 1939 ዓ.ም. በ125ኛው ጎዳና የዘመኑ የጥቁሮች ሥነ ጥበብ ሳሎን የተባለ ጋለሪ በራሷ ስም ከፍታ ነበር። በመክፈቻው ቀን ከ500 የማያንስ ሰው መጣ። ቡፎርድ ዴላኒ፣ ሪችመንድ ባርቴ፣ ሎይስ ማይሉ ጆንስና ሌሎችም ሥራቸውን አሳዩ። ሰው አየ፤ አደነቀ፤ የገዛው ግን ጥቂት ነበር። የሚያደንቀው የሐርለም ሰው የሚገዛበት የለውም፤ የሚገዛበት ያለው ደግሞ ወደ ሐርለም አይመጣም። ጋለሪው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። የመንግሥት በጀት የያዘው ማዕከል ሊያደርግ የቻለውን በሽያጭ ብቻ የሚኖር ጋለሪ ሊያደርገው አለመቻሉ ያኔ በግልጽ ታየ።

በ1945 ዓ.ም. ከከተማው ርቃ በኒው ዮርክ ግዛት ሶገርቲስ በተባለች የገጠር ከተማ ተቀመጠች። ዶሮ እያረባች፣ አትክልት እየተከለች፣ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ በረዳትነት እየሠራች ኖረች፤ በበጋ ካምፖችም ልጆችን ታስተምር ነበር። ስሟ በሥነ ጥበቡ ዓለም እየደበዘዘ ሄዶ ማርች 26 ቀን 1962 ዓ.ም. በ70 ዓመቷ በካንሰር ሞተች።

በ2018 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ ከተወለደችበት ከተማ ብዙ በማይርቀው በጃክሰንቪል፣ ከመር የተባለው ቤተ መዘክር የእርሷን ትርዒት አዘጋጀ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ትርዒቱ ወደ ኒው ዮርክ ተጓዘ። ከጥፋት የተረፉት ጥቂት ሥራዎቿ ብቻቸውን አዳራሹን ሊሞሉ አይችሉም ነበርና፣ አዘጋጆቹ የላውረንስን፣ የናይትን፣ የብላክበርንን፣ የኖርማን ልዊስንና የሌሎችንም ሥራዎች ከጎናቸው አቆሟቸው።