እቴጌ ጣይቱና የእንጦጦው ግቢ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ አንድ አሮጌ ግቢ ይገኛል። ቤተ መንግሥት ሲባል ፎቅና ዕብነ በረድ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ሲደርስ መገረሙ አይቀርም፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ የተለሰነ፣ የጣራው እንጨትም በጠፍር የታሰረ ነውና።

ከሰሜንና ከየጁ መኳንንት ዘር የሆኑት ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ፤ ኑሯቸውም በዚሁ ተራራ ላይ ሆነ። ይሁን እንጂ እንጦጦ ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም እያደር የራቀበት ሥፍራ ነበር። እርሳቸው ከግርጌው ያለውን ፍል ውሃ ወደዱ። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ገና በላይ፣ በስምንት ማዕዘንዋ እንጦጦ ማርያም ነው፤ እርሳቸውም በዚያው ሰሞን እቴጌ ተባሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ወረደ።

የዓድዋውን ሥራቸውን ሁላችንም ስለምናውቀው እዚህ አልደግመውም።

በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ባላቸው በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲመለሱ ተደረገ። ስም ያወጡላት ከተማ ከተራራው ቁልቁል ትታያለች፤ ለእኔ ከግዞቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። በዚያው ከ4 ዓመት በላይ ተቀምጠው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው በኋላ ወደ በዓታ ለማርያም ወርዶ ከምኒልክ አጠገብ ተቀመጠ።